የአዲስ አበባ ስታዲዮም፤ በጨዋታ የተገኘ ክብርና በአስተዳደር የጐደለ

ከለገሃር የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያቀና መንገደኛ ታላቁን የስፖርት ሜዳ ሳያይ አያልፍም። ዛሬ የአዲስ አበባ ስታዲዮም ተብሎ የሚጠራው፣ እስከ 1974 አብዮት ድረስ ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ የነበረው ይህ ሥፍራ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ ያስተናገደ፣ ኢትዮጵያም ያገኘችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ የተቀበለችበት ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሜዳ በ2020ዎቹ መግቢያ ላይ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የማይበቃ ተብሎ ተዘጋበት። ክብሩን ያገኘው በተጫዋቾች እግር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያጣው ግን በተጫዋቾች ጥፋት አይደለም። ስለዚህ የዚህን ሜዳ ታሪክ ከስፖርተኛው ይልቅ አስተዳዳሪውና ነጋዴው ቢያነቡት የበለጠ የሚገባ ይመስላል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስታዲዮሙ ከመሠራቱ በፊት የዋና ከተማው የኳስ ሜዳ ጃን ሜዳ ነበር። ጃን ሜዳ በጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ ሠራዊት የሚሰለፍበት፣ ፈረስ የሚጋለብበት ሰፊ መስክ በመሆኑ ለኳስ ብቻ የተከለለ አልነበረም። በዚያ ሜዳ ኳስ ባለቤት ሳትሆን ተራዋን የምትጠብቅ እንግዳ ነበረች። የአራዳ ወጣቶች በ1935 መጨረሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ክለብ ሲያቋቁሙ የኢጣልያ ጦር የሰሜኑን ድንበር ተሻግሮ ነበር። ክለቡ ገና ዓመት ሳይሞላው ከተማይቱ በጠላት እጅ ወደቀች።

በወረራው ዘመን ኳስ አልተከለከለም፤ ተከፋፈለ እንጂ። ኢትዮጵያውያን ከኢትዮጵያውያን ጋር ብቻ እንዲጫወቱ፣ ከኤውሮፓውያን ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ ተደረገ። የአገሬው ተወላጆች ስፖርት በተለየ ጽሕፈት ቤት ሥር ዋለ። ቅዱስ ጊዮርጊስም የራሱን ስም ትቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» እንዲባል ተገደደ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምን እንደ ፈሩ ለመገመት አያስቸግርም። ዘጠና ደቂቃ ተጫውቶ ገዥውን የሚያሸንፍ ተገዥ ከሜዳ ሲወጣ እንደ ገባው ሆኖ አይወጣም።

በ1941 ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ይህን አጥር ማፍረስ ሆነ። በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ለዚህ ሥራ ከደከሙት ሁሉ ዋናው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባታቸው በግጥምና በዜማ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሲሆኑ፣ ልጅየው ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ የተጫወቱ፣ የስፖርቱንም ሕግና ደንብ ወደ አማርኛ የመለሱ ሰው ነበሩ። የነጋድራስ ልጅ በመሆናቸው ነው ባይባልም፣ ደንብ የሌለው ገበያ እንደማይረጋ ደንብ የሌለው ጨዋታም እንደማይቆም ቀድመው አውቀው ነበር።

በ1944 የተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖችን አሰለፈ። ኢትዮጵያውያን በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አርመኖች በአራራት፣ ግሪኮች በኦሎምፒያኮስ፣ ጣልያኖች በፎርቲቱዶ ተወከሉ፤ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሲሆን ዋንጫውን የወሰደውም እርሱ ነው። ይህ ዝርዝር የዚያን ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በሳምንቱ ቀናት በየሱቃቸው ሲገዛዙና ሲሸጣሸጡ የሚውሉ ማኅበረ ሰቦች በሰንበት በየማልያቸው ተለይተው ይጋጠሙ ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ትላንት አሸናፊ ገዥ የነበረው የጣልያን ወገን ከሐበሻው ጋር በእኩል ሕግ፣ በአንድ ዳኛ ፊት መቆሙ ነው።

ስታዲዮሙ የዚህ የነፃነት ማግሥት ሥራ ነው። ሥፍራው ያለ ምክንያት የተመረጠ አይመስልም። ከጅቡቲ ይመጣ የነበረው የባቡር ሐዲድ ያበቃ የነበረው በዚያው አጠገብ ነው፤ ከጊዜ በኋላም ራስ ሆቴል፣ ጊዮን ሆቴል፣ በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በዙሪያው ቆሙ። እንግዳ ቡድን ከማረፊያው ተነሥቶ በእግሩ ሜዳ የሚደርስበት ከተማ በአፍሪካ ብዙ አልነበረም። ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር በውጭው ግድግዳ ዙሪያ የተከፈቱት ሱቆችና ምግብ ቤቶች ደግሞ ሜዳውን የገበያ ሥፍራም አደረጉት። ጨዋታ ባለበት ቀን ቡና ቤቱ ይሞላል፤ ጨዋታ በሌለበትም ቀን ሱቁ ክፍት ነው። ከስፖርት ሜዳ ኪራይ መሰብሰብ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በአዲስ አበባ እንዲህ ቀደም ብሎ የታወቀ ነገር ነው፤ የተሰበሰበው ኪራይ ለምን መዋል ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ግን ከኪራዩ ዘግይቶ መጣ።

ኢትዮጵያ በ1952 የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ የአገሪቱ ኳስ ያላሰበውን ሀብት አገኘ። በአሥመራ ኳስ ከጣልያኖች ዘመን ጀምሮ ሥር የሰደደ ነበርና የኤርትራ ቡድኖች ለመማር ሳይሆን ለማሸነፍ መጡ። ሐማሴን በ1955ና በ1957 የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ወሰደ፤ በ1958 ደግሞ ተራው የአካለ ጉዛይ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱ ዋንጫ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሰሜን ወጣ። የዋና ከተማው ሰው ይህን በደስታ ተቀብሎታል ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ብሔራዊውን ቡድን የሚመርጡት ሰዎች ዓይናቸውን ወዴት መጣል እንዳለባቸው ተረዱ።

ፍሬው በ1962 ታየ። ያን ፍሬ ለመረዳት ግን ቀድሞ የተደረሰበትን ውርደት ማስታወስ ያስፈልጋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ እምቢ በማለቷ ከውድድሩ ስትወጣ፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለመጨረሻው ግጥሚያ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ እንደ ገና ተገናኙ፤ ውጤቱ እንደ ገና 4 ለ 0 ሆነ። እንግዲህ ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ሲወሰን የኢትዮጵያ ቡድን በግብፅ መረብ ላይ አንዲት ኳስ እንኳ ያላስቈጠረ፣ ስምንት የገባበት ቡድን ነበር።

ውድድሩ የዋለው በጥምቀት ሰሞን ነው። አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አራቱም ግጥሚያዎች በዚሁ በአንዱ ስታዲዮም ተደረጉ። ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ቀድሞው የኳስ ሜዳ ወደ ጃን ሜዳ በሚወርዱበት ቀን፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታች። የጥምቀትን ማግሥት ቱኒዝያ ዩጋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ይኸውም ጃንዩወሪ 21 ቀን 1962፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የመጨረሻው ግጥሚያ ሆነ።

ባለ ዋንጫው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በበደዊ አማካይነት ቀደመ። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ጊዜ ካለፈ ወዲያ ግርማ ተክሌ አስተካከለ፤ የሕዝቡ እልልታ ሳይበርድ ግን ያው በደዊ ሁለተኛውን አገባ። ደስታና ሐዘን እንዲህ ተጠጋግተው ሲመጡ ልቡ የማይሰበር ቡድን ጥቂት ነው፤ ያውም በዚህ ባላጋራ ሁለት ጊዜ አራት ለባዶ የተረታ ቡድን። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቈጠሩ። የሁለት ውድድሮች አራት ለባዶ በአንድ ከሰዓት አራት ለሁለት ሆኖ ተመለሰ።

ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል በ1935 በአሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነች ሰው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ከሃያ ዓመት በፊት ሐበሻና ጣልያን በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ በነበረበት ከተማ፣ የሁለቱ ልጅ የኢትዮጵያን ባንዲራ ለብሶ በአፍሪካ ፊት ቆመ። ከአሥራ አንዱም ተሰላፊዎች ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ከአሥር ወር በኋላ ፈረሰ፤ የፖለቲካው ነገር ከዚያ ወዲህ የሄደበት መንገድ ረዥምና መራራ ሆኖ በ1993 ኤርትራ ነፃ መንግሥት ሆናለች። በሁለቱም አገር ግን ስለዚያች እሑድ ሲነሣ የተጫዋቾቹ ስም በኩራት ይጠራል። ክርክሩ ቢኖር «የእኛ ልጆች ናቸው» በሚለው ላይ ነው እንጂ በጨዋታው ላይ አይደለም።

አሰልጣኝነቱን የያዙት አቶ ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስኪሞቱ ድረስ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአህጉሩ ኳስ መሪ ከዚህ ሜዳ የወጣ ሰው መሆኑ ለስታዲዮሙ ሌላ ዋንጫ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ተሳታፊዎቹ ስምንት ደርሰው ስለ ነበር ከምድቦቹ አንዱ በአሥመራ፣ ሁለተኛው በአዲስ አበባ ተጫወተ። ኢትዮጵያ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረታች፤ ኮንጎም በስታዲዮሙ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በ1976 ሦስተኛው መስተንግዶ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆነ። ያን ጊዜ ዋንጫው በአንድ የመጨረሻ ግጥሚያ ሳይሆን በነጥብ የሚወሰን ነበርና ሞሮኮ ጊኒን ማሸነፍ ሳያስፈልጋት፣ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ባገባችው ጎል 1 ለ 1 ወጥታ ሻምፒዮን ሆነች። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ከምድቧ አላለፈችም። ከዚያ ዓመት ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ወደዚህ ሜዳ አልተመለሰም።

ሕዝቡ ግን ሜዳውን አልተወም። በ1987 መጨረሻ በተደረገው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት ስታሸንፍ፣ የራዲዮ ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ስታዲዮም ላልገባው ሁሉ ስታዲዮሙን ቤቱ ድረስ አመጣለት። ኦክቶበር 14 ቀን 2012 ደግሞ ሌላ ታላቅ ቀን ሆነ። በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፎ የተመለሰው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በሜዳ ውጭ ባገባቸው ኳሶች ብልጫ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። በዓመቱ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ በኃይሉ አሰፋ ቀዳሚውን ጎል ቢያስቈጥርም ናይጄሪያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ለእነዚህ ጨዋታዎች ቲኬት ለማግኘት ከሌሊቱ ጀምሮ በስታዲዮሙ ዙሪያ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ይህ ሜዳ የተመልካች እጦት ይገጥመዋል ብሎ ሊሠጋ አይችልም ነበር።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ1962 አንድ ሜዳ አራት ግጥሚያ አስተናግዶ የአህጉሩን ሻምፒዮና መፈጸም ይችል ነበር። በ2019 የተሳታፊዎቹ ቁጥር ወደ 24 ከፍ ሲል ግጥሚያዎቹ 52 ደረሱ። ውድድሩ እንዲህ ሲያድግ ሜዳ የሚመዘንበት ደንብም አብሮ አደገ። ሣሩ መመርመር ጀመረ፤ ቀጥሎም የተጫዋቾችና የዳኞች መልበሻ ክፍል፣ መታጠቢያው፣ የሕክምና ክፍሉ፣ ቁጥር የተሰጠው የተመልካች መቀመጫ፣ የሌሊት መብራቱ፣ የመግቢያና የመውጫ በሩ፣ የጋዜጠኞች ሥፍራ ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ይጠየቅ ጀመር። ሰው በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ ሲደሰትም አንዱ ባንዱ ላይ ወድቆ የሚያይበት ስታዲዮም ይህን መለኪያ ሊያልፍ አልቻለም።

እዚህ ላይ ለክፍሉ አስተዳደር ሚዛናዊ ፍርድ መስጠት ይገባል። የቆየ ሕንፃ በእርጅናው አይወቀስም፤ የዛሬውንም ደንብ የትላንት መሐንዲስ ሊያውቀው አይችልም። ነገር ግን ደንቡ በአንድ ሌሊት የወጣ አይደለም። የመልበሻ ክፍል ቧንቧ፣ የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና፣ የመቀመጫ ቁጥር የዋንጫ ጉዳይ አይደሉም፤ በየዓመቱ በጀት ውስጥ አንዳንድ መሥመር የሚይዙ የተራ ጥገና ሥራዎች ናቸው። አንድ ነጋዴ የመጋዘኑን ጣራ በየክረምቱ ካላደሰ በአሥረኛው ክረምት የሚከፍለው የጣራውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የረጠበውንም ዕቃ ዋጋ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር ከስታዲዮሙ አጠገብ «ስታዲየም» የተባለ ፌርማታ ተሠራለት። ሕዝብ ወደ በሩ የሚደርስበት መንገድ ከጥንቱ ይልቅ ቀና፤ ከበሩ በውስጥ ያለው ግን በዚያው መጠን አልተለወጠም።

የዚህን ዋጋ ብሔራዊው ቡድን በ2021ና በ2022 ከፈለ። አዲስ አበባ ብቻ ሳትሆን በምትክነት ስታገለግል የነበረችው የባሕር ዳር ሜዳም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አትበቃም ስለ ተባለች፣ ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» የምትጫወተውን ግጥሚያ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደች። በኖቬምበር 2021 ጋናን ያስተናገደችው በጆሐንስበርግ በኦርላንዶ ስታዲዮም ሲሆን 1 ለ 1 ተለያዩ። ጁን 9 ቀን 2022 ደግሞ የግብፅ ቡድን በእንግድነት የመጣላት በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንጉዌ ነበር። በዚያን ቀን ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ከጥር 13ቱ ፍጻሜ ወዲህ 60 ዓመት ሆኖት ነበር።

የዚያች ቀን ሒሳብ ቢሠራ ድል በአንድ በኩል ኪሣራ በሌላ በኩል ተጽፎ ይገኛል። የባለ ሜዳነት ጥቅም ማለት ተጫዋቹ በቤቱ አድሮ መምጣቱ፣ ባላጋራው በአዲስ አበባ ከፍታና ቀዝቃዛ አየር ትንፋሽ ማጠሩ፣ ሕዝቡ በአማርኛና በየቋንቋው መጮኹ ነው። ይህ ሁሉ በሊሎንጉዌ አልነበረም። የመግቢያ ሽያጩ የለም፤ በአንጻሩ የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የሰው ሜዳ ወጪ አለ። በስታዲዮሙ ዙሪያ በግጥሚያ ቀን ማልያና ባንዲራ የሚሸጠው ልጅ፣ ከመቀመጫዎቹ ሥር ምግብ ቤት የከፈተው ነጋዴ፣ እንግዶች የሚያርፉበት ሆቴል፣ ከዚህም የሚሰበሰበው የመንግሥት ቀረጥ ሁሉ አብረው ቀርተዋል። ከግብፅ ጋር የሚደረግ ጨዋታ በአዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ መቀመጫዎቹን ሁሉ ለመሙላት ማስታወቂያ አያስፈልግም ነበር።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በዚያው በ2022 በ87 ዓመቱ በኢጣልያ ሲሞት ዋንጫውን የተቀበለበት ስታዲዮም ለዕድሳት ተቈፋፍሮ፣ ብሔራዊው ቡድንም ገና በሰው ሜዳ ላይ ነበር።